የፖይንት ጫማ ግራና ቀኝ የለውም እንዴ?

የሸራ ተራው

ሰላም ለዚህ ቤት።

ጫማ ሠሪ ነኝ። ያደግኩት መርካቶ፣ ሸራ ተራ፣ አባቴ ሥራ ቦታ ላይ ነው። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ ጫማ እጠግናለሁ። ጥያቄዬ ስለ ልጄ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ባሌት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን «ፖይንት ልጀምር ነው» ብላ እግሯ መሬት አልነካ ብሏል። ለማታውቁት፣ ፖይንት ማለት በጣት ጫፍ ቀጥ ብለው የሚቆሙበት ጫማ ነው። ያ ሪባን ያለው። አስተማሪዋ ገና ቁርጥ ያለ ነገር አልነገረችንም። ልጅቷ ግን ሱቁንም ቀለሙንም መርጣ ጨርሳለች።

ከትልልቆቹ ተማሪዎች አንዷ ልትጥለው የነበረ አሮጌ ጥንድ ነበራት። ልጄ ለምና አመጣችልኝ። እኔም ልማድ ነውና ቢላዬን አንስቼ ከፈትኩት።

ከላይ ሳቲን ነው። እሺ። ከሳቲኑ ሥር የጆንያ ዓይነት ጨርቅ፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ ሙጫ፣ ከዚያ እንደገና ጨርቅ። ጣቶቹን ዙሪያውን አፍኖ የሚይዘው ደረቅ ክፍል፣ ቦክስ የሚሉት፣ በቃ ይሄ ነው። ከተረከዝ ተነስቶ ከውስጥ እግር ሥር የሚዘረጋው ደጋፊ፣ ሻንክ የሚሉት፣ ተጠቅጥቆ የደረቀ ካርቶን ነው። ሽቦ እንኳ የለውም። የውጭው ሶል ቀጭን ቆዳ ሆኖ ከእግር መዳፍ በጣም የጠበበ ነው። ጫማው ውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ ተሰፍቶ ኋላ ነው የተገለበጠው። የሠራው ሰው ባለሙያ ነው፣ እጁ ይባረክ። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግራና ቀኝ የላቸውም። ሁለቱም የተሠሩት በአንድ ቀጥ ያለ ፎርማ ነው፣ ጫማ በሚወጠርበት የእግር ቅርጽ ማለቴ ነው። አባቴ እንዲህ ያለ ጥንድ ያወጣ ሠራተኛ ቢያይ ማስቲሹን ነጥቆ ወደ ቤቱ ይሸኘው ነበር።

ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል እግሯ ላይ የነበረው የአዲዳስ ጫማ አንዱ 138 ግራም ነበር። ዋጋው 500 ዶላር። ኩባንያው ራሱ ለአንድ ውድድር ነው ብሎ ነው የሸጠው። ለሯጭ እግር ይሄን ያህል ከተጨነቁ፣ ሙሉ ክብደቷን ጣቷ ጫፍ ላይ ለምትጭን ልጅ ካርቶንና ሙጫ ነው የሚበቃት?

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ለምንድነው እንዲህ ሆኖ የቀረው? የተሻለ አለ ወይ? ከሌለስ፣ በእግሯ ልክ ፎርማ አውጥቼ፣ ጫፉ ላይ ጥሩ ስፖንጅ አድርጌ እኔው ብሠራላትስ?

ነጠላ ጫማ

እስክስታ አስተምራት። ትከሻ ጫማ አይፈልግም።

ሳባ ከቨርጂኒያ

ነጠላ ጫማ፣ አንተ ደግሞ የትም አትጠፋም።

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህ ደስ አለኝ። እኔ የዳንስ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ ፖይንት ጫማ ለልጆች መለካት ነው። ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ ተንበርክኬ የሰው ጣት ስዳብስ እውላለሁ።

መጀመሪያ ስፖንጁን ከጭንቅላትህ አውጣው። አንተ ሠሪ ስለሆንክ ቶሎ ይገባሃል። ጫማው መሬት የሚነካበት ጫፍ የቡና ሲኒ ቂጥ ቢያክል ነው። እዚያ ላይ ወፈር ያለ ለስላሳ ነገር ብታደርግ ልጅቷ በቆመች ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይሰምጣል። የሰመጠበት ጎን ደግሞ ቁርጭምጭሚቷን ይዞ ይሄዳል። ሯጭ መሬቱን የምትረግጠው በሰፊው ነው፣ ወደፊት ነው የምትሄደው። ይቺ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆማ ትሽከረከራለች። ወለሉ በጣቷ ካልተሰማት ሚዛኗን አታገኝም። ስፖንጅ ይግባ፣ ግን ስስ ሆኖ፣ ቦታውን አውቆ።

ወረቀትና ሙጫውንም አትናቀው። ፍሪድ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከ1929 ጀምሮ ጫማ ይሠራል። እስከ ዛሬ ሙጫው ዱቄትና ውሃ ያለበት ነው፣ ልክ እኛ አገር ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ እንደሚለጠፍበት። ጫማው ከተሰፋ በኋላ ምድጃ ውስጥ አድሮ ይደርቃል። ልጅቷ ስታደርገው በእግሯ ሙቀትና በላቧ ትንሽ ይለዝብና የእግሯን ቅርጽ ይይዛል። የሚወደደው ለዚህ ነው። የሚገድለውም ያው ላብ ነው። ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ውስጥ ዋና ዳንሰኛ አንድ ጥንድ በአንድ ምሽት ልትጨርስ ትችላለች። ከባድ ትርዒት ከሆነ መሃል ላይም ትቀይራለች። የትዕግስትን ጫማ «ለአንድ ውድድር» አልከው። ይሄም ከዚያ አይርቅም፣ ልዩነቱ ማስታወቂያ የሚሠራለት የለም።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገርህ። ማሪ ታልዮኒ በ1832 ፓሪስ ላይ በጣቷ ጫፍ ስትደንስ ያደረገችው ለስላሳ የሳቲን ጫማ ነበር። ጫፉና ጎኑ በክር ተጠልፎ ጠንከር ይላል እንጂ ቦክስ የሚባል ነገር የለውም። የቆመችው በጡንቻዋ ነው። ደረቁ ቦክስ የመጣው ኋላ ላይ፣ ጣሊያኖቹ ብዙ መሽከርከር ሲጀምሩ ነው። ጫማው በደረቀ ቁጥር ዳንሱ ከበደ፣ ዳንሱ በከበደ ቁጥር ጫማው ደረቀ። እዚህ ደረስን።

ዘመናዊስ የለም ወይ ላልከው፣ አለ። ኒውዮርክ ውስጥ ጌይነር ሚንደን የሚባል ድርጅት በ1993 ቦክሱንና ሻንኩን ከላስቲክነት ካለው ፕላስቲክ መሥራት ጀመረ። ውስጡ ስስ ስፖንጅ አለው። ከካርቶኑ ብዙ እጥፍ ይቆያል፣ ሲዘሉበትም ድምፁ ይቀንሳል። መድረክ ላይ ደግሞ ድምፅ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ላባ መስላ መውረድ ያለባት ልጅ ኳ ኳ ስትል ያስቃል። ሻንኩ በአምስት ዓይነት ጥንካሬ ይመጣል። በዚህ ጫማ ግን አስተማሪዎች ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ «ጫማው ነው የሚሠራላት፣ እግሯ አይጠነክርም» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥንካሬው ተመርጦ ከተሰጠ ልጅቷ መሥራቷ አይቀርም። ያለ ልክ ከተሰጠ ግን እነሱ ያሉት ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔ ጋ እግሯ ተላልጦ የምትመጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ችግሯ ማቴሪያሉ አይደለም። ልኩ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ልክ ላይ አመል አለው። «አንድ ቁጥር ጨምሪበት፣ ታድግበታለች!» ጫማው ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ አልፈርድም። ግን ፖይንት ጫማ ላይ አንድ ቁጥር መጨመር ማለት ልጅቷ ስትቆም እግሯ ወደ ውስጥ ይሰምጣል ማለት ነው። ጎኖቹ አቅፈው ሊይዟት ሲገባ አይደርሱባትም። ያን ጊዜ ክብደቷ በሙሉ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ያርፋል። ከዚያ እናት ጥጥ ትጠቀጥቃለች። ጥጡ በበዛ ቁጥር ጫማው ይጠባል፣ ጣቶቹ ይደራረባሉ፣ እንደገና ያማል።

እኔ የምለካው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባዶ እግሯን አያለሁ። ጣቶቿ እኩል ናቸው ወይስ ከአውራ ጣት ወደ ትንሿ እያጠሩ ይሄዳሉ? እኩል ከሆኑ ካሬ ቦክስ፣ ካጠሩ ሾጠጥ ያለ። ሁለተኛው ጣት ከአውራው ከረዘመ፣ አውራው ላይ ትንሽ ጄል አድርገን እኩል እናደርጋቸዋለን፣ አለዚያ ሁለተኛው ብቻውን ተሸክሞ ይታጠፋል። ከዚያ ጫማውን አድርጋ ጉልበቷን አጥፋ ትቆማለች፣ ፕሊዬ ይሉታል። እግር ያን ጊዜ ነው በደንብ የሚረዝመው። ጣቶቿ ጫፉን መንካት አለባቸው፣ መታጠፍ ግን የለባቸውም። ቀጥሎ አንድ እግሯን በጫፉ አቁማ ተረከዙ ላይ ያለውን ሳቲን በሁለት ጣቴ እቆነጥጣለሁ። ትንሽ ከተረፈ ጥሩ። ብዙ ከተረፈ ትልቅ ነው፣ አውልቂው። በመጨረሻ ከጣቶቿ በላይ ያለውን የጨርቅ ቁመት አያለሁ። ካጠረ እግሯ በላዩ ሊፈስ ይላል። ከረዘመ ደግሞ ወደ ጫፍ ስትወጣ መጀመሪያ ተረከዟን አንስታ በግማሽ ከፍታ ማለፍ ያቅታታል።

ግራና ቀኝ ላልከው፣ አብዛኞቹ ጫማዎች የላቸውም። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ውስጡ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት የሚያደርጉት።

የሸራ ተራው

ሳባ፣ እድሜ ይስጥሽ። ስፖንጁን ትቼዋለሁ። ሲኒ ቂጥ ስትዪ ወዲያው ገባኝ።

ግራና ቀኙ ላይ ግን አልተረታሁም። «ልጆቹ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋሉ» ልማድ ነው እንጂ ምክንያት አይደለም። የሰው አውራ ጣት ያለው በአንድ ወገን ነው። ቀጥ ባለ ፎርማ ውስጥ ሲገባ ወደ መሃል ይገፋል። አበሻ ሙሽሮች ሹል ጫማ አድርገው አንድ ቀን ሲያነክሱ አይደል የሚውሉት? ይቺ በየቀኑ ነው።

ፊዚዮ ዳኒ

ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ለንደን ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ዳንሰኞችንም አያለሁ። ስለ ጫማው እህታችን ሳባ ጨርሳዋለች። እኔ ስለ እግሩ ልበል።

አንድ ዓይነት ጉዳት አለ፣ ከላይ የሚታይ። ውሃ የቋጠረ ጣት፣ የጠቆረ ጥፍር፣ ሥጋ ውስጥ የገባ ጥፍር። ይሄ ያማል፣ ሲያዩትም ይዘገንናል፣ ግን ይድናል። ጥሩ ልክና በትክክል የተቆረጠ ጥፍር አብዛኛውን ይፈታዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው። ከሁለተኛው ጣት ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም አጥንት አለ። የባሌት ዳንሰኞች ላይ ያ አጥንት ሥሩ ጋ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። አንድ ቀን ወድቃ አይደለም፣ ጫና ሲደራረብበት ነው። አውራ ጣትን የሚያጥፈው ጅማት ደግሞ ከቁርጭምጭሚት ኋላ በጠባብ ቦታ ያልፋል፣ እዚያ ይቆጣል። ከቁርጭምጭሚታቸው ኋላ ትርፍ ትንሽ አጥንት ያላቸው ሰዎችም አሉ። በኑሯቸው አያውቁትም። እግራቸውን ሙሉ ሲዘረጉ ግን እዚያ ጋ ይቆነጠጣል። እነዚህን የትኛውም ጫማ ብቻውን አይከላከልም።

ስላነሱት አውራ ጣት፣ ልክ ነዎት በከፊል። በአውራ ጣት ሥር ወደ ጎን የሚወጣው አጥንት፣ ቡኒየን፣ ብዙ ጊዜ ከዘር ነው የሚመጣው። እናትየው ወይም አያትየው ካላት ልጅቷን ይከታተሏት። የጠበበ ቦክስ ያባብሰዋል። ወደ ውስጥ የወደቀ አቋምም ያባብሰዋል። ስለዚህ ፎርማው ላይ ያለዎት ጥርጣሬ ከንቱ አይደለም።

ግን ጋሼ፣ ልጅዎ 11 ዓመቷ ነው። ዓለም አቀፉ የዳንስ ሕክምናና ሳይንስ ማኅበር ባወጣው መመሪያ ፖይንት ከ12 ዓመት በፊት አይመከርም። ዕድሜው ብቻውንም አይበቃም። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን የምትማር፣ በትምህርቷ አራተኛ ዓመት ላይ የደረሰች፣ ሆዷና ወገቧ ሰውነቷን የሚይዝላት መሆን አለባት። መገጣጠሚያዋ ከልክ በላይ የሚላላ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ትጠብቃለች።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ማየት ይችላሉ። በአንድ እግሯ ትቁም። ሌላውን እግር ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ደረቷን ወደፊት አዘንብላ፣ እጆቿን እንደ አውሮፕላን ክንፍ ትዘርጋ። ከዚያ የቆመችበትን ጉልበት እያጠፈች እጆቿን ወደ ወለሉ ታውርድ፣ ትመለስ። አምስት ጊዜ። ጉልበቷን ይዩ። ከአምስቱ በአራቱ ጉልበቷ ከእግሯ ጣቶች አቅጣጫ ሳይወጣ፣ ወገቧም ሳይዘም ከመጣ ጥሩ ምልክት ነው። ወደ ውስጥ እየወደቀ ከሆነ ገና ናት። ሌላም አለ፣ በአንድ እግር 16 ጊዜ መዝለል። ቢያንስ ስምንቱ ንጹሕ መሆን አለባቸው። አንድ ዙር ንጹሕ ፒሩዌትም፣ በአንድ እግር መሽከርከር ማለት ነው፣ ይጠየቃል። የመጨረሻውን ፍርድ ለአስተማሪዋና ዳንስ ለሚያውቅ ባለሙያ ይተዉት።

ማንም ስላላነሳው ልጨምር፣ ምግብ። አጥንታቸው የሚሰነጠቅ ልጆች ውስጥ የማይበሉት ይበዛሉ። ባሌት ቤት ውስጥ የቅጥነት ጉዳይ መጥፎ ንፋስ አለው። የወር አበባ ጀምራ ከተቋረጠባት ዝም ብለው አይለፉት። ጾም የምትጾም ከሆነ ምስሩም ሽሮውም ባቄላውም ይብዛላት፣ በሰላጣ ብቻ ሁለት ሰዓት አትዝለል።

ቡናማ ሪባን

እኔ በሙያ ደንሻለሁ። አሁን ልጆች አስተምራለሁ።

ጋሼ ጫማውን በቢላ ሲከፍቱት ደነገጡ። እኛ እኮ አዲስ ጫማ ስንቀበል መጀመሪያ የምናደርገው ማበላሸት ነው! ቦክሱን በተረከዛችን እንረግጣለን። ሻንኩን በእጃችን እናጥፋለን። ጫፉን ሲሚንቶ ደረጃ ላይ እንደበድባለን፣ ድምፁ እንዲጠፋ። እኔ የሻንኩን ምስማር ነቅዬ ሦስት አራተኛው ላይ እቆርጠው ነበር፣ የእግሬ ቅስት ጎልቶ እንዲታይ። ሶሉን በቢላ እጭረዋለሁ፣ እንዳያንሸራትት። ከዚያ ደግሞ ያለሰለስኩት ቶሎ እንዳይሞት ጫፉ ውስጥ ሱፐር ግሉ አፈስሳለሁ። የጠነከረውን አለስልሼ የለሰለሰውን አጠነክራለሁ። ከዚያ ሪባንና ላስቲክ በእጅ መስፋት አለ። ይሄ ሁሉ ለአንድ ጥንድ።

ለምን እንዲህ እናደርጋለን? ፋብሪካው ለሁሉም የሚሆን ጫማ ልኮልናል፣ እኛ ወደ ራሳችን እግር እናመጣዋለን። ሰዎቹም ይሄን ያውቃሉ። ፍሪድ ጋ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱ ምልክት አለው፣ ሶሉ ላይ የሚመታ። ፊደል ሊሆን ይችላል፣ ዓሣ ሊሆን ይችላል፣ ዘውድ ሊሆን ይችላል። ዳንሰኛዋ ሰውየውን አይታው አታውቅም። ግን የሱን እጅ ታውቀዋለች። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ለቅሶ ነው። ጋሼ ይሄ መቼም ይገባዎታል፣ ሸራ ተራም ደንበኛ የሚመጣው በሠሪው ስም አይደል?

ስለ ልጅዎ የምጨምረው፣ ይሄን ማበላሸት ዩቲዩብ ላይ አይታ እንዳትጀምር። ጀማሪ ጫማዋን አትቆርጥም፣ ሱፐር ግሉም አታፈስም። አስተማሪዋ ታሳያታለች። ጀማሪን የሚጎዳት የሞተ ጫማ ነው። ሻንኩ ለዝቦ፣ ጫፉ ረግቦ፣ «ገና አላለቀም» ተብሎ ሌላ ሁለት ወር ይደረጋል። ያን ጊዜ እግሯ ከጫፉ አልፎ ወደፊት ይወድቃል።

ቀለም መርጣለች ሲሉ ፈገግ አልኩ። ሮዝ ነው? በኔ ጊዜ ሮዙን ጫማ የፊት ፋውንዴሽን በስፖንጅ እየቀባን ነበር ከእግራችን ቀለም ጋር የምናመሳስለው። የሃርለሙ ዳንስ ቲያትር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነው ታይትሱንም ጫማውንም ከዳንሰኛዋ ቆዳ ጋር ማመሳሰል የጀመረው። ፍሪድ ግን ባሌት ብላክ ከሚባለው የለንደን የዳንስ ቡድን ጋር ሆኖ ቡናማና የነሐስ ቀለም ጫማ ያወጣው በ2018 ነው። አሁን ሳትቀባ መግዛት ትችላለች። ስሜን ከየት እንዳመጣሁት ገባችሁ።

ነጠላ ጫማ

ሱፐር ግሉ ጫማ ውስጥ? እኔ እስክስታዬን አልተውም።

የሸራ ተራው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዳኒ፣ ትናንት ማታ ሳሎን ውስጥ አውሮፕላኑን አሠራኋት። የቀኙ ጉልበቷ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የግራው በሦስተኛው ላይ ወደ ውስጥ ገባ። አልዋሸኋትም፣ በስልኬ ቀርጬ አሳየኋት። ትንሽ አኮረፈች። ከዚያ ዛሬ ጠዋት ጥርሷን እየፋቀች በግራ እግሯ ቆማ አገኘኋት። 12 ትድረስ፣ አስተማሪዋም ትናገር።

እኔ ግን በዚህ መሃል እጄ አላርፍ ብሏል። ቡናማ ሪባን ያልሽው ነገር ነው የቀሰቀሰኝ። ዳንሰኛዋ ጫማውን እየቆረጠች ወደ እግሯ የምታመጣው ከሆነ፣ ሠሪው ያንን ቀድሞ ለምን አያደርግላትም?

ከውጭ ያለውን ቀጥ ያለ ቅርጽ ልተወው። መድረክ ላይ ለዓይን የሚያምረው እሱ ነው መሰለኝ፣ አልከራከርም። ግን ገበሩን ግራና ቀኝ ማድረግ ይቻላል። ከውጭ አንድ ዓይነት፣ ከውስጥ ለአውራ ጣት በአንድ በኩል ቦታ የተተወለት። ፎርማው ላይ አውራ ጣቱ ጋ ቆዳ ለጥፎ ማወፈር ነው። እኛ ቡኒየን ላለባቸው ደንበኞች ድሮም የምናደርገው ነው። ቀላል ሥራ ነው። ቆዳውን አሳስተህ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አስልተህ ትለጥፋለህ፣ ከዚያ ጨርቁ ላዩ ላይ ይወጠራል።

ሁለተኛ ሻንኩ። የከፈትኩት ጫማ ላይ ሳቲኑ ጤነኛ ነው፣ ስፌቱ ጤነኛ ነው። የሞተው ሻንኩና የቦክሱ ጫፍ ነው። ሻንኩን በሙጫና በምስማር ከመግጠም፣ ከውስጥ ሶሉ ሥር ኪስ ሠርቶ ማስገባት ይቻላል። ሲለዝብ አውጥተህ ሌላ ትከታለህ። ሦስት አራተኛ የምትፈልግ ሦስት አራተኛውን ትከታለች፣ ማንም ምስማር አይነቅልም። የሚያስቸግረኝ እንዳይንሸራተት ማድረጉ ነው። ተረከዙ ጋ አንድ ምላስ ብታጠፍ ይይዘዋል ብዬ አስባለሁ። በካርቶን ሞክሬው በእጄ ሳጥፈው ግን እየተንሸራተተ ወጣ። በቆዳ ልሞክረው ነው።

ለልጄ እግር አይደለም፣ አትደንግጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሚቀረው። ሳባ፣ ክፍሎቹ የሚለዋወጡ ጫማ የሠራ ሰው አለ ወይ?

ሳባ ከቨርጂኒያ

አለ። ክፍሎቹ የሚለዋወጡ ጫማዎች በቅርብ ዓመታት ገበያ ላይ መጥተዋል፣ በኮምፒውተር ተቀርጸው የሚታተሙም አሉ። ይሄ ማለት ግን አንተ ተው ማለት አይደለም። ሻንኩን ብትቀይረውም ቦክሱ ላብ ጠጥቶ ከረገበ ጫማው ሞቷል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተከታትለው ነው የሚሄዱት፣ አንዳንዷ ልጅ ቦክሱን ቀድማ ትጨርሳለች፣ አንዳንዷ ሻንኩን። እንዲያውም ጊዜ ካለህ ላቡ ላይ ሥራ። አሁን የምንመክረው ከረጢት ውስጥ እንዳታስቀምጪው፣ ጥጡን አውጥተሽ አየር ላይ አንጠልጥይው፣ ከቻልሽ ሁለት ጥንድ እያፈራረቅሽ አድርጊ ነው። ላቡን ከቦክሱ የሚያርቅ ገበር ያገኘ ሰው ለወላጆች ብዙ ብር ያተርፍላቸዋል። ገበር ደግሞ የናንተ ሙያ ነው።

የግራና ቀኙን ገበር ሐሳብ ግን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ለአውራ ጣት ቦታ ስትተው ጫፉ ላይ እንዳትተው፣ ጎኑ ላይ ብቻ። ጫፉ ላይ ከተውክ ጣቱ ወደዚያ ይሰምጥና ያው የጥፍሩ ጉዳይ ይመጣል።

የተጣሉ ጫማዎች ደንበኞች ሱቅ ውስጥ ትተው ይሄዳሉ። ከየኩባንያው አንድ አንድ አጠራቅምልሃለሁ፣ የፕላስቲኩንም ጨምሬ። እሱን በቢላ አትሞክረው፣ መጋዝ ያስፈልግሃል።

ልጅቷ ጊዜዋ ሲደርስ ደግሞ ቀጠሮ ይዘህ አምጣት። ሌላ ጊዜ የምታደርገውን ታይትስ ይዛ ትምጣ፣ ጥፍሯን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጡላት፣ በዚያው ቀን ከሆነ ጫፉ ይወጋታል። ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ እግር ትንሽ ካበጠ በኋላ ነው መለካት የምወደው። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እና እባክህ፣ «ታድግበታለች» የሚል ሰው ይዘህ እንዳትመጣ።

የሸራ ተራው

እናቷን ቤት ትቼ እመጣለሁ።